የዓመቱን ሰማይ ከበረንዳችሁ ሆናችሁ በስልክ ማንሳት

ጥሩ የሰማይ ፎቶ ለማንሳት ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ተራራ መውጣትም ግድ አይደለም። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክና ሰማይ የሚታይበት አንድ ቦታ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር ደጋግሞ መመለስ ነው።

አብዛኛው ሰው ሰማይን የሚያነሳው ድንገት ሲደምቅበት ነው። ጀንበሯ ስትቀላ ስልኩን ያወጣል፣ ያነሳል፣ ስቶሪው ላይ ይለጥፋል፣ ይረሳዋል። ፎቶው ያምር ይሆናል። ነገር ግን ያንን ምሽት ከሌሎቹ ምሽቶች የሚያገናኘው ነገር የለም። አንዱን ሰማይ ከአንድ ቦታ ዓመቱን ሙሉ ስትከታተሉት ግን ፀሐይ ከአንዱ ሕንፃ ጀርባ ወደ ሌላው ስትሻገር ታያላችሁ። የክረምቱ ደመና ከየት በኩል እንደሚነሣ ታውቃላችሁ። የዛሬው ፎቶ ካለፈው ወር ፎቶ ጋር መነጋገር ይጀምራል። ለእኔ የሰማይ ፎቶ ትልቁ ደስታ ይህ ነው። መመሪያውንም የጻፍኩት ለዚህ ዓይነቱ አነሳስ ነው።

ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ናቸው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ቦታችሁን ምረጡ

ከቤታችሁ ሳትርቁ ሰማይ ሰፋ ብሎ የሚታይበትን ቦታ ፈልጉ። የኮንዶሚኒየም በረንዳ፣ የደረጃ መስኮት፣ ግቢ፣ የሠፈር ሜዳ፣ ሁሉም ይሆናል። ምዕራቡ ወይም ምሥራቁ የሚታይ ከሆነ ጥሩ ነው። ሁለቱም ከታዩ ዕድለኞች ናችሁ።

ሰማይ ብቻውን ፎቶ ውስጥ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ከታች አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር አስገቡ። የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የመስጊድ ሚናራ፣ ባሕር ዛፍ፣ የጎረቤት ሮቶ፣ ክሬን የቆመበት ጅምር ሕንፃ፣ ምንም ቢሆን ችግር የለውም። ይህ ነገር ዓመቱን ሙሉ መለኪያችሁ ይሆናል። የመብራት ገመድ ካስቸገራችሁ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ ወይም ስልኩን ዝቅ አድርጉ። አንዳንዴ ገመዱ ራሱ መስመር ሆኖ ፎቶውን ያሳምረዋል።

የቆማችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት። የበረንዳው ብረት ላይ ትንሽ ቀለም፣ ወለሉ ላይ ጠመኔ ይበቃል። ስልኩን ሁልጊዜ እዚያው ላይ አድርጋችሁ አንሱ።

ስለ ደኅንነት ጥቂት ልበል። ጣሪያ ላይ ለመውጣት የሕንፃውን ጥበቃ ወይም ኮሚቴ አስፈቅዱ። ቆርቆሮ ላይ አትቁሙ፤ በስክሪን እያያችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ። ቤተ መንግሥት፣ ወታደራዊ ካምፕ ወይም ኤርፖርት አቅራቢያ ከሆናችሁ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ሰማዩን ነው የማነሳው ብትሉ ከሩቅ ለሚያይ ጥበቃ አይገለጥለትም። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሡ።

ስልኩን አዘጋጁ

ሌንሱን ጥረጉ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ከየትኛውም ቅንብር በላይ ፎቶ የሚያበላሸው የጣት ቅባት ነው። ፀሐይ ወይም የመንገድ መብራት ላይ ስታነጣጥሩ ቅባቱ ብርሃኑን ይበትነውና ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ለስላሳ ጨርቅ ኪሳችሁ አይጥፋ።

ፍላሹን አጥፉ። ሁለት ጣት ዘርግታችሁ የምታቀርቡትን ዙም ተዉት፤ ምስሉን ቆርጦ ከማሳደግ በቀር የሚጨምረው የለም። ስልካችሁ የራሱ የማቅረቢያ ሌንስ ካለው እሱን ተጠቀሙ።

ከዚያ ካሜራው ውስጥ «ፕሮ» ወይም «ማንዋል» የሚለውን ክፍል ፈልጉ። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች አላቸው። አይፎን የያዛችሁ ተመሳሳይ ነገር የሚሠራ አፕ ማውረድ ትችላላችሁ። እዚያ ውስጥ ሦስት ነገር ማወቅ በቂ ነው። አይኤስኦ ካሜራው ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎላ ይወስናል፤ ከፍ ሲል ፎቶው ይደምቃል፣ ግን ይሻክራል። ሸተር ብርሃን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ ይወስናል፤ ሲረዝም ጨለማው ይገለጣል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን ይደበዝዛል። ፎከስ ደግሞ ለሰማይ ሁልጊዜ ወደ ሩቅ ነው፤ ብዙ ስልኮች ላይ የተራራ ምልክት ያለበት ጫፍ ነው።

ለምሽት ፎቶ ስልኩ መነቃነቅ የለበትም። ትራይፖድ ከሌላችሁ ሩዝ ወይም ምስር የያዘ ትንሽ ከረጢት የበረንዳው ግንብ ላይ አስቀምጡና ስልኩን እሱ ላይ አስደግፉት። ታይመሩን 3 ሰከንድ ላይ አድርጉ። ጣታችሁ ስክሪኑን ሲነካ የሚፈጥረው ንቅናቄ እስኪያልፍ ድረስ ስልኩ ይጠብቃል።

ጀንበር ስትጠልቅ

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ብዙ አይለዋወጥም። በኅዳር 12 ሰዓት ገደማ ናት፤ በሐምሌ ወደ 12 ከ50 ትጠጋለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቁልቁል ነው የምትወርደው። ጫፏ አድማሱን ከነካ ጀምሮ ሙሉ ለሙሉ እስክትሰወር 2 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። በሰሜን አውሮፓ ያላችሁ ረጅም ምሽት ታገኛላችሁ። እዚህ ግን ዘግይቶ የመጣ አያገኛትም። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተገኙ።

ስክሪኑ ላይ ደማቁን የሰማይ ክፍል ንኩ። ከዚያ ጣታችሁን ወደ ታች እየሳባችሁ ብርሃኑን ቀንሱ። ስልክ ሁልጊዜ ሁሉንም ነገር ማድመቅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀዩን ሰማይ ነጭ ያደርገዋል። ስትቀንሱለት ቀለሙ ይመለሳል፣ ቤቶቹና ዛፎቹ ጥቁር ጥላ ይሆናሉ። ያ ጥላ ጥሩ ነው፤ አትፍሩት። አድማሱን ከፎቶው ታችኛው ክፍል አድርጉና ሰፊውን ቦታ ለሰማዩ ስጡት።

ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ሳለች ትኩር ብላችሁ አትዩዋት። በባይኖኩላር ወይም በቴሌስኮፕ ደግሞ በፍጹም። ዓይን ላይ የሚደርሰው ጉዳት አይመለስም።

ቀለሙ የሚመጣው ከአየሩ ነው። የፀሐይ ብርሃን ሁሉንም ቀለም ይዟል። አየር ሰማያዊውን አብልጦ ይበትናል፤ ቀን ላይ ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነው ለዚህ ነው። ምሽት ላይ ብርሃኑ ረጅም አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ሰማያዊው መንገድ ላይ ይቀራል፣ ቢጫና ቀዩ ይደርሰናል። ጭስና አቧራ ሲጨመርበት ፀሐይዋ ትቀላለች። በኅዳር 12 «ኅዳር ሲታጠን» ከየሠፈሩ ጭስ በሚነሣበት ምሽት ይህን በደንብ ታያላችሁ። ልማዱ የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከጨረሰበት ከ1911 ዓ.ም. ጋር የተያያዘ ነው። ያንን ቀይ ፀሐይ ስታነሱ ከጀርባው ምን እንዳለ ማወቁ ፎቶውን ያከብደዋል።

ፀሐይዋ ስትገባ ስልኩን ወደ ኪስ አትመልሱ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ከፍ ያለ ስስ ደመና ካለ ብርሃኑ ከሥር ይመታውና ሰማዩ እንደገና ይቀጣጠላል። ብዙ ጊዜ ከዋናው መጥለቅ የሚበልጠው ይህ ሁለተኛው ነው።

አሁን ጀርባችሁን ለምዕራብ ስጡና ወደ ምሥራቅ ዙሩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ከአድማሱ ብዙም ሳይርቅ ሮዝ ቀበቶ ታያላችሁ። ከሥሩ ደግሞ ግራጫማ ሰማያዊ ጥላ አለ። ያ ጥላ የምድር ጥላ ነው። የቆማችሁባት ምድር ራሷ ከባቢ አየሩ ላይ የጣለችው ጥላ ነው፤ ፀሐይ ወደ ታች በሄደች ቁጥር እሱ ወደ ላይ ይወጣል። ሁሉም ሰው ወደ ምዕራብ ሲያይ እናንተ ወደ ምሥራቅ ማየት ልመዱ። ይህ ፎቶ ምንም ልዩ ቅንብር አይፈልግም፣ ብርሃኑን ትንሽ መቀነስ ብቻ። ጠዋት ፀሐይ ልትወጣ ስትል ደግሞ በምዕራብ በኩል ታገኙታላችሁ።

የፀሐይዋን ጉዞ መዝግቡ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ እሑድ ብትሉ እሑድ፣ ከዚያው ምልክት ላይ ቆማችሁ ፀሐይ የጠለቀችበትን ቦታ አንሱ። ስልኩን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ያዙት፣ ዙሙን አትቀይሩ። ሰማዩ ባያምርም አንሱ። ደመና ከሆነም ደመናውን አንሱ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ልዩነቱን ታያላችሁ። መስከረም 12 አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው በትክክለኛው ምዕራብ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ትሸሻለች፤ ታኅሣሥ 12 ገደማ መጨረሻው ላይ ትደርሳለች። ተመልሳ መጋቢት 11 ገደማ ምዕራብን ታቋርጣለች፣ ሰኔ 14 የሰሜኑ ጫፍ ላይ ትደርሳለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት ከአዲስ አበባ 47 ዲግሪ ያህል ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትጨብጡ የጡጫው ስፋት ወደ 10 ዲግሪ ይሆናል። እናም አምስት ጡጫ ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ስፋት ነው። በረንዳችሁ ጠባብ ከሆነ ፀሐይዋ በአንዳንዶቹ ወራት ከፍሬማችሁ ልትወጣ ትችላለች፤ መጀመሪያ ላይ ሰፊውን ሌንስ ምረጡ።

ፍጥነቷም እኩል አይደለም። በመስከረምና በመጋቢት በየቀኑ የራሷን ስፋት ያህል ልትጠጋ ትንሽ ሲቀራት ትሄዳለች። በታኅሣሥና በሰኔ ግን ለብዙ ቀናት የቆመች ትመስላለች። መስቀል ሰሞን ከጎረቤት ሮቶ ጀርባ የጠለቀች ፀሐይ በሳምንቱ ሌላ ቦታ ስትገኝ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብና ከራሳችሁ በረንዳ ማየት አንድ አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ቀን ልስጣችሁ። ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 23 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ናት። ቀጥ ብሎ የቆመ ጠርሙስ ወይም ምሰሶ ጥላው ከሥሩ ይጠፋል። ያንን ከላይ አንሱት። ወደ ሰሜን፣ ለምሳሌ መቀሌ ከሆናችሁ፣ የሚያዝያው ቀን ዘግየት ይላል፣ የነሐሴው ይቀድማል። ነሐሴ ላይ ደመናው ላያሳያችሁ ስለሚችል ሚያዝያን አትለፉት።

ክረምትና ደመና

ብዙ ሰው ክረምትን ለሰማይ ፎቶ የማይሆን ጊዜ አድርጎ ያየዋል። እኔ አልስማማም። ጥርት ያለ ሰማይ ለኮከብ ነው፤ ለቀን ፎቶ ደመና ያለው ሰማይ ይበልጣል።

ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ከሰዓት በኋላ የሚገነባውን ደመና ተከታተሉ። ጠዋት ትናንሽ ነጫጭ ቁልሎች ይታያሉ። ምድር ስትሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣና ቁልሎቹ ያድጋሉ፤ ከታች እየጠቆሩ፣ ከላይ ነጭ ሆነው ይቆለላሉ። አናቱ ጠፍጥፎ ወደ ጎን ከተዘረጋ ኩሙሎኒምበስ የሚባለው የነጎድጓድ ደመና ሆኗል፣ መብረቅና በረዶ ሊያመጣ ይችላል። ይህን እድገት ለማሳየት ስልኩን አስደግፉና ታይምላፕስ (ረጅሙን ጊዜ አሳጥሮ የሚያሳይ ቪዲዮ) ላይ አድርጉት። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። ዓይን የማይዘው እንቅስቃሴ ይወጣል።

ዝናቡ ባቆመ በ10 ደቂቃ ውስጥ ውጡ። አቧራው ታጥቧል፣ ርቀቱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ መንገዱ ላይ ውኃ ቋጥሯል። ስልኩን ገልብጣችሁ ሌንሱን ወደ ውኃው ወለል አስጠጉት። አስፋልቱ ላይ የቋጠረ ትንሽ ውኃ ሙሉ ሰማይ ይይዛል። መኪና ግን ተጠንቀቁ።

የማርያም መቀነት ለማግኘት መሮጥ አያስፈልግም። ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ ዝናብ ያለበትን አቅጣጫ እዩ። ቀስቱ ከጥላችሁ ራስ ጀምሮ 42 ዲግሪ ርቆ ይዞራል፤ ስለዚህ ፀሐይ ከዚያ በላይ ከፍ ካለች ከምድር ላይ አይታይም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት በምዕራብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 በኋላ ደግሞ በምሥራቅ ፈልጉት። አዲስ አበባ ላይ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ የምሥራቁ ይበልጥ ይገኛል። ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር ቀስቱ ከፍ ይላል። ከውጪ በኩል ሁለተኛ ደብዛዛ ቀስት ካያችሁ ቀለሞቹን ልብ በሉ፤ ተገልብጠው ነው የተደረደሩት። ፖላራይዝድ መነፅር ካደረጋችሁ አውልቁት፤ ቀስቱን ሊያጠፋባችሁ ይችላል።

መብረቅን በእጅ ፍጥነት ለመያዝ አትሞክሩ። ከቤት ውስጥ፣ በመስኮት፣ ቪዲዮ ቅረጹና በኋላ ብልጭታው ያለበትን ምስል አውጡ። ሲጨልም ደግሞ አይኤስኦ 50 ወይም 100፣ ሸተር ከ4 እስከ 8 ሰከንድ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አንሱ፤ አንዱ ላይ ይገባል። ብልጭ ካለ ጀምሮ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለውን ሰከንድ ቁጠሩና ለ3 አካፍሉት፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል። ከ30 ሰከንድ ካነሰ ውጭ መቆም የለባችሁም። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ቤት ውስጥ ቆዩ። ለፎቶ ብሎ ጣሪያ ላይ መውጣት እዚህ ላይ በፍጹም አይታሰብም።

ጨረቃ

ጨረቃን በስልክ ያነሳ ሰው ሁሉ የሚያገኘው አንድ ነጭ ነጥብ ነው። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ጨረቃ ሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። አድማስ ላይ ትልቅ መስላ የምትታየን ዓይናችን ስለሚታለል ነው፣ ካሜራው ግን አይታለልም። ሁለተኛ፣ ጨረቃ ፀሐይ የሚያበራት ድንጋይ ናት። ስልኩ ጨለማውን ሰማይ አይቶ ብርሃን ሲጨምር እሷ ትነጣለች።

መፍትሔው ፕሮ ላይ ገብቶ አይኤስኦውን 50 ወይም 100፣ ሸተሩን ወደ 1/1000 ማድረግ ነው። አሁንም ከነጣች ሸተሩን አፍጥኑት። ጥቁር ጥቁር ሜዳዎቿ ብቅ ይላሉ። ካሜራው ምስሉን በራሱ የሚያሳምርበት ቅንብር ካለው አጥፉት፤ አንዳንድ ስልኮች ጨረቃን ሲያውቋት ያልታየ ዝርዝር ይጨምሩባታል። ያያችሁትን ነው ማስቀመጥ ያለባችሁ።

ሙሉ ጨረቃን ከቤትና ከዛፍ ጋር ማንሳት ከፈለጋችሁ ከሙሉዋ አንድ ቀን ቀድማችሁ ውጡ። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ገደማ ነው፤ ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ገና ብርሃን ሳለ ትወጣለች፣ ቤቶቹም እሷም እኩል ይታያሉ። በማግስቱ ግን ወይ እሷ ትነጣለች ወይ ቤቱ ይጠቁራል።

ቀጭኗ ጨረቃ ግን የእኔ ምርጫ ናት። ረመዳን ሊገባ ወይም ዒድ ሊሆን ሲል ብዙ ሰው ወደ ምዕራብ የሚያንጋጥጠው እሷን ፍለጋ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፈልጓት። ስልኩን አስደግፋችሁ ሸተሩን 1 ሰከንድ አድርጉ። ጨለማው ጎኗም ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ያ ብርሃን ከምድር ተንጸባርቆ ጨረቃ ላይ ያረፈ ነው።

እኛ ጋ ቀጭን ጨረቃ ብዙ ጊዜ እንደ ታንኳ ተንጋላ ነው የምትታየው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ በአንድ ምሽት ሁለታችሁም አንሱና ተለዋወጡ። እዚያ ወደ ጎን አዘንብላ ትቆማለች። ጨረቃዋ አንዲት ናት፣ የተለያየው የቆማችሁበት የምድር ጎን ነው። እናት አገር ቤት ሆና፣ ልጅ ባዕድ አገር ሆኖ በየወሩ አንድ ቀን እየቀጠሩ ቢያነሱ ፎቶዎቹ የሚይዙት ነገር ከጨረቃ በላይ ነው።

ከዋክብት

ከአዲስ አበባ መሀል ብዙ ኮከብ አይገኝም። የመንገድ መብራቱ ከበዛ ወዲህ ደግሞ ብሷል። ቢሆንም ደማቆቹ ይታያሉ። የሠፈሩ መብራት ድንገት ሲጠፋ ሻማ ከመፈለጋችሁ በፊት ስልኩን ይዛችሁ ውጡ።

ቅንብሩ ይህ ነው። ስልኩ መደገፍ አለበት። ፎከስ ወደ ሩቅ። አይኤስኦ 800 ላይ ጀምሩ፤ ከከተማ ውጭ እስከ 3200 ውጡ። ሸተር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ። ከዚያ ካለፈ ምድር ስለምትዞር ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ይቀርና አጭር ጭረት ይሆናሉ። ፕሮ ከሌላችሁ የምሽት ሞዱን ተጠቀሙ፤ ብዙ ስልኮች እንደተደገፉ ሲያውቁ ጊዜውን ራሳቸው ያስረዝማሉ። የጉግል ፒክስል ስልኮች ለከዋክብት የተለየ ሞድ አላቸው።

በታኅሣሥና በጥር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቀና በሉ። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ኮከቦች ታያላችሁ፤ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ መታጠቂያ ናቸው። ከአንዱ ወገን ቀላ ያለችው ቤቴልጅስ፣ ከሌላው ወገን ነጣ ብላ ሰማያዊ የምትመስለው ራይጀል ናት። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ስልክ የሁለቱን ቀለም ለይቶ ያወጣል። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ደመና ካልያዘው ደግሞ ወደ ደቡብ ዙሩ፣ የደቡብ መስቀል እዚያ ነው። አውሮፓና አብዛኛው አሜሪካ ላይ አይታይም፣ ለእኛ ይታያል። የሰሜን ኮከብ ግን ከአዲስ አበባ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ኮረብታ ይደብቀዋል።

ፍኖተ ሐሊብን (ሚልኪ ዌይን) ለማንሳት ከተማ ለቃችሁ መሄድ አለባችሁ። ጨረቃ የሌለችበትን ሰሞን ምረጡ። ደማቁ መሀሉ ዓመቱን ሙሉ አይታይም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጥሩ ሰዓት ላይ ቢወጣም ደመናው ይይዘዋል። ስለዚህ ሁለት ዕድል አለን። አንዱ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት፣ በደቡብ ምሥራቅ። ሌላው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ልክ እንደጨለመ፣ በደቡብ ምዕራብ። ስቴላሪየም የሚባለው ነፃ አፕ ቀኑንና ቦታውን ስትሰጡት የት እንደሚሆን ያሳያችኋል።

ቦታ ከተጠየቅኩ ባሌ ያለውን የሳነቴ አምባ እላለሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስና ደረቅ ነው፣ የከተማ መብራት የለም። ብርዱ ግን ከባድ ነው፤ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ልብሳችሁ ውስጥ ያዙ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ጠይቁ።

ለተወርዋሪ ኮከብ ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያን ያዙ። ጀሚኒድ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ በዚያ ሌሊት አካባቢ ይበረታል፣ ለእኛም ሰማዩ ጥርት የሚልበት ወቅት ነው። ሰፊውን ሌንስ ወደ ላይ አድርጋችሁ የ15 ሰከንድ ፎቶ ተከታትላችሁ አንሱ። እናንተ በብርድ ልብስ ተጠቅልላችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ግርዶሽ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላና አካባቢው ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና ታይታለች። የሚቀጥለው ትልቅ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ ለሙሉ የምትሸፍነው በግብፅ ሉክሶር፣ በጅዳ፣ በመካ እና በየመን በኩል ነው፤ ሉክሶር አካባቢ ጨለማው ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ሳዑዲ ያላችሁ ወገኖች ከአሁኑ ዕረፍት ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ በከፊል ይሆናል፣ ከቀትር በኋላ፣ በክረምት ደመና መሀል።

የግርዶሽ መነፅር አይኤስኦ (ISO) 12312-2 የሚል ምልክት ያለው መሆን አለበት፤ ይህ የካሜራው አይኤስኦ ሳይሆን የደኅንነት ደረጃ ነው። ተራ የፀሐይ መነፅር፣ የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ መስተዋት አይሆኑም። ለስልኩም የመነፅሩን ፊልም ሌንሱ ላይ አድርጉለት። ግርዶሹ ከፊል በሆነበት ቦታ ሁሉ መነፅሩ ከዓይን አይነሣም። ያለ መነፅር ማንሳት ከፈለጋችሁ ዛፍ ሥር ሂዱና መሬቱን አንሱ። በቅጠሎቹ ክፍተት የሚገባው ብርሃን እያንዳንዱ የተገመጠች ፀሐይ ሆኖ መሬት ላይ ይታያል። ለእኔ ከፀሐይዋ ፎቶ ይልቅ ይህኛው ደስ ይለኛል፤ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ሲቀበሉት ደግሞ ይበልጥ።

ማሳመር፣ ማስቀመጥ፣ ማተም

ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማሳመሪያ አፕ ነፃ ነው፣ ይበቃችኋል። መጀመሪያ አድማሱን አቅኑ። ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ ወይም ጨምሩ። ቀለም የሚያደምቀውን ማንሸራተቻ በጣም አትንኩት፤ ብርቱካናማው ሰማይ የከረሜላ ወረቀት እስኪመስል ድረስ መግፋት ያንን ምሽት ያጠፋዋል። የኮከብ ፎቶ ላይ ሻካራነቱን ስታለሰልሱ ትናንሽ ኮከቦች እንዳይጠፉ ተጠንቀቁ። ዋናውን ፎቶ አትሰርዙ።

ለየወሩ አንድ አልበም ክፈቱ። በቴሌግራም ስታስቀምጡ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ጥራቱ ይቀንሳል። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ ሌላ ቦታ ኮፒ ይኑራችሁ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር አንድ ሁለት መስመር ጻፉ። ሰዓቱ፣ ነፋሱ፣ አጠገባችሁ ማን እንደነበር፣ ያን ቀን ምን እንደሆነ። ካሜራው ቀኑን ይመዘግባል፤ ሐዘን ቤት ውላችሁ የመጣችሁበት ምሽት መሆኑን ግን አይመዘግብም።

ዓመቱ ሲሞላ ከየወሩ አንድ ፎቶ ምረጡ፤ ጳጉሜንን ጨምሮ 13 ይሆናሉ። ያማረውን ሳይሆን ያንን ወር የሚናገረውን ምረጡ። ፎቶ ቤት ወስዳችሁ በአንድ መጠን አሳትሙ። ከመስከረም ጀምራችሁ በተርታ ስቀሏቸውና ፀሐይ የጠለቀችበትን ቦታ በቀጭን ክር አያይዙት። ጀርባቸው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆማችሁበትን ቦታ በእስክሪብቶ ጻፉ። ለቀጣዩ ዓመት ደግሞ በረንዳው ላይ ያለው ምልክት ደብዝዞ ከሆነ ከመስከረም 1 በፊት አድሱት።